ለዝግታ የመረጥነው ጀልባ

በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ጀልባ መርጫለሁ። የመረጥሁትም የደጋ ልጅ ሆኜ፣ መዋኘት ሳላውቅ፣ ከላሕ ወንዝ የጉልበት ውሃ በቀር ሌላ ውሃ ገብቼ ሳላውቅ ነው። ሆኖም ምርጫው ትክክል ነበር። ለተፈለገበት ሥራ ከዚያ የተሻለ ጀልባ ሊገኝ አይችልም ነበር፤ ሞተሩም እንዲሁ። ዛሬ ነገሩን ደጋግሜ ስመረምረው አንድም የአመራረጥ ስሕተት አላገኝበትም፤ የሚያስደነግጠኝም ይኸው ነው።

ያደግሁት ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምትባለው፣ ያን ጊዜ ግን በሌላ ስሟ በምትጠራው ከተማ አጠገብ ነው። ልጅነቴን በቅኔ ቤት አሳለፍሁ፤ ቀጥሎም መንግሥት በከፈተው ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ተማርሁ። ጠላት አገሩን ሲይዝ ትምህርቱ ተቋረጠ፤ መጻሕፍቱ ግን በእጄ ቀሩ። በእነርሱ እየተረዳሁ፣ ግስን ከግስ እያስተያየሁ፣ ጣሊያንኛን በራሴ ተማርሁ። በዚህ ምክንያት ቡሬ ላይ መንገድ ለሚያሠራ አንድ የጣሊያን መሐንዲስ አስተርጓሚ ሆንሁ።

ለምን ሆንህ የሚለኝ ብዙ ነው፤ በጊዜውም በገበያ መንገድ ስሜን ትተው በሌላ ስም የሚጠሩኝ ነበሩ። ምክንያቴ ታላቅ እህቴ ነበረች። መንደሯ በተቃጠለ ጊዜ ከጎረቤቶቿ ጋር ወደ ዓባይ ቆላ ሸሽታ፣ በወንዙ ዳር ባለ ጥቅጥቅ ጫካ ውስጥ ከጥቂት ቤተ ሰብ ጋር ተደብቃ ትኖር ነበር። ወታደር ወደዚያ የሚወርድ እንደ ሆነ አስቀድሞ ለመስማት ከመሐንዲሱ ቢሮ የተሻለ ቦታ አልነበረም። የሰማሁትን የሚያደርሱልኝ በዓባይ መሻገሪያ ላይ መንገደኛ በታንኳ የሚያሻግሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሰው ሁሉ ሥራቸውን ስም አድርጎ «አሻጋሪው» ይላቸዋል። ከእርሳቸው ጋር ጥቂት አሞሌ ጨውና አጭር ቃል እልክላታለሁ፤ ከእርሷም «ደኅና ነኝ» የሚል መልስ ይመጣልኛል። ከዚህ በላይ አልጠይቅም ነበር።

መሐንዲሱ ቀጭን፣ መነጽር የሚያደርግ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ክፉ ሰው ነበር ብዬ ብጽፍ ለእኔ በቀለለኝ ነበር፤ ነገር ግን እውነት አይሆንም። የተወለደው በአገሩ በአንድ ሐይቅ ዳር ነው፤ አባቱም በሐይቁ ላይ ዓሣ ያጠምድ ነበር። ዓባይ ላይ ድልድይ ሊሠራ ታስቦ ውሃውን እንዲለካ በታዘዘ ጊዜ ሦስት ጀልባና ሁለት ሞተር ተላከለት። ዕቃው ከመኪና ሲወርድ ያየሁትን የፊቱን ብርሃን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁበትም።

«ከሥራው ጎን ለጎን እናጠምድበታለን፤» አለኝ። «ስለዚህ በደንብ መምረጥ አለብን።»

እርሱ ማጥመድ የሚለው ከዳር ቆሞ መንጠቆ መወርወርን አልነበረም። ረጅም ክር ከጀልባው በስተኋላ ይለቀቃል። በክሩ ጫፍ እንደ ማንኪያ የጎደጎደ የነሐስ ቁራጭ ከነመንጠቆው ይታሰራል። ጀልባው በዝግታ ሲሄድ ነሐሱ እንደ ታመመ ትንሽ ዓሣ እየተወላገደ ይከተላል፤ ትልቁም ዓሣ የታመመውን ሊውጥ ከጥልቁ ይወጣል። ምሥጢሩ ሁሉ ያለው በዝግታው ላይ ነው አለኝ። ጀልባው ከፈጠነ ነሐሱ እየዘለለ ከውሃው ፊት ይወጣል፤ ዓሣውም ይሸሻል።

«ምን ያህል ዝግታ?» ብዬ ጠየቅሁት።

መነጽሩን አስተካክሎ በግቢው መካከል ተራመደ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ርምጃውን እየቆጠረ ከአጥሩ እስከ መጋዘኑ ሄደ። በር ላይ የቆሙት አስካሪዎች፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። እኔ ግን ርምጃውን አወቅሁት፤ ለቅሶ የምትደርስ አሮጊት የምትሄደው አካሄድ ነበር።

ወንዙን የሚያውቅ ሰው እንዲማከር ስለ ተፈለገ አሻጋሪው ከቆላ ወደ ቡሬ ተጠሩ። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ በትራቸውን ይዘው፣ ሦስቱን ጀልባዎች እንደ ገበያ በሬ ዞሩአቸው። እኔ የሞተሮቹን መመሪያ መጽሐፍ ገልጬ እያነበብሁ ነበር።

«አንተ የመጽሐፍ ሰው፣» አሉኝ፣ «ጀልባም በመጽሐፍ ይመረጣል?»

«የሞተሩ መጽሐፍ ነው አባቴ። በፈረንሳይኛ የተጻፈ ነው።»

«የፈረንሳይ ዓሣ ይሰማው ይሆናል። የእኛው አምባዛ ግን ዳዊትም አልደገመ።»

የመጀመሪያው ጀልባ የብረት ነበር። በጣታቸው አንጓ ቢያንኳኩት ጮኸ። «ይህ ደወል ነው፤» አሉ። «ድንጋይ በነካው ቁጥር ቅዳሴ ገባ ያሰኛል።» ሁለተኛው በእንጨት አጥንት ላይ የተወጠረ ወፍራም ሸራ ነበር። አሸተቱት። «ይህስ አቁማዳ ነው። ጉማሬ አንድ ጊዜ ቢያዛጋበት ያልቅለታል።» ሦስተኛው ከጣውላ የተሠራ፣ ጎኑ ዝቅ ያለ፣ ሥሩ ጠፍጣፋ ነበር። እርሱን አላንኳኩትም። ጫማ የማያውቀውን እግራቸውን አንሥተው ገቡበትና በጀርባቸው ተጋደሙ፤ ዓይናቸውንም ጨፈኑ። መሐንዲሱ ግራ ተጋብቶ አየኝ።

«ይህ ይሻላል፤» አሉ እንደ ተኙ። «ጎኑ አጭር ስለ ሆነ ነፋስ አይጫወትበትም። ጥልቀት በሌለበትም ይሄዳል። ነገር ግን ሥሩ ለስላሳ ስለ ሆነ ቀስ ሲል እንደ ሰካራም ጎን ለጎን ይወላገዳል። በርዝመቱ አንድ ጣውላ ከሥሩ ይመታለት፤ ያን ጊዜ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።»

ይህን ስተረጉም መሐንዲሱ ቆቡን አውልቆ እጅ ነሣቸው። እርሱም ያሰበው ያንኑ ነበር። ጣውላው በዚያው ቀን ተመታ።

የሞተሩ ነገር ግን ከረመ። ትልቁ በሁለት ሰው የሚነሣ፣ ድልድይ ሠሪዎች ከባድ ገመድ የሚስቡበት ነው፤ ትንሹን አንድ ሰው በትከሻው ይሸከመዋል። ሁለቱንም በውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ እያቆምን አስነሣናቸው። ትልቁ ሲነሣ ግቢው ተናወጠ፤ በርሜሉ ባዶውን እስኪቀር ውሃውን በአስካሪዎቹ ላይ ረጨው፤ በተራው የሳቅነው እኛ ነን። ዝግ በል ሲባል ግን አሳል እንደ ያዘው ሰው ትክ ትክ ብሎ፣ ሰማያዊ ጭስ ተፍቶ ቆመ። ትንሹ የበርሜሉን ውሃ እንደ ጠላ በቀስታ አማሰለው እንጂ አላፈሰሰውም። ከዐሥር ርምጃ ርቆ ለሚሰማው ድምፁ እንደ ንብ ቀፎ ነበር። እንደዚያ እንዳለ ለረጅም ጊዜ ቢተዉት አልጠፋም።

መሐንዲሱ ትንሹ የወንዙን ኃይል ይችል እንደ ሆነ ተጠራጠረ። ስለዚህ ሁለቱን መጻሕፍት አንብቤ፣ ወንዙንም ከሚያውቁት ጠይቄ፣ አሳቤን በጽሑፍ እንዳቀርብለት አዘዘኝ። የሥልጣን ያህል ተሰማኝ። መልሱን ከመጻፌ በፊት ግን አሻጋሪውን በምሽጉ ግንብ ጥላ ሥር አገኘኋቸው።

«አባቴ፣ ለታችኞቹ የትኛው ይሻላቸዋል?» አልሁ። ታችኞቹ እነእህቴ እንደ ሆኑ መናገር አላስፈለገም።

«ይህስ ይጠየቃል? ትልቁ ቢሄድባቸው ይደርስባቸዋል። ትንሹ ማንን ይደርስበታል? የእኔዋ ታንኳ ትቀድመዋለች።»

እኔም ያሰብሁት ይህንኑ ነበር። ገብቼ ጻፍሁ። ትንሹ ሞተር ቤንዚን እንደሚቆጥብ፣ በዝግታ ሲሄድ እንደማይታፈን፣ ዓሣውንም እንደማያስበረግግ ገለጽሁ፤ በበጋ ወንዙ ተኝቶ በሚሄድበት በሰፊው ስፍራ ላይ ጉልበቱ እንደሚበቃውም አስረዳሁ። የጻፍሁት ሁሉ እውነት ነበር። መሐንዲሱ አንብቦ ሲጨርስ «ከአንተ ጥሩ መሐንዲስ ይወጣል» አለኝ። ደስ አለኝ። እህቴን በአንድ ገጽ ወረቀት የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር።

ጕዞው በዐቢይ ጾም መካከል ሆነ። የቡሬ ምሽግ አዛዥ የሆነው ጣሊያናዊ ሻምበል የጕዞውን ነገር ሰምቶ «እኔም ዓሣ እወዳለሁ» በማለት ከአስካሪዎቹ ጋር ተከተለን። ይህ ሻምበል ለአንድ ዓመት ያህል የቆላውን ሰው ሲያሳድድ የኖረ ነው። ለአርበኞች እህል የሚያቀብሉ እነዚያ ናቸው ይላል። ወታደር በገደሉ መንገድ ሲወርድ ግን ከላይ ስለሚታይ፣ እርሱ ሲደርስ ምድጃ ብቻ ያገኛል። ስለ ሻምበሉ መምጣት ለአሻጋሪው ነገርኋቸው፤ እርሳቸውም እነእህቴ ወደ መሻገሪያው እንዳይወጡ ላኩባቸው። የተደበቁበት ቦታ ከመሻገሪያው በታች ሩቅ ነው፤ በእግር የሚወስደውም መንገድ አንድ ብቻ ነው። ትንሹ ሞተር በውሃ ላይ እስከዚያ ያደርሳቸዋል ብሎ የጠረጠረ ሰው አልነበረም።

ጀልባውን ሸካሞች እየተፈራረቁ ተሸከሙት። ትልቁም ሞተር የመለኪያውን ገመድ ለመሳብ ያስፈልግ ይሆናል ተብሎ አብሮ ተጫነ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዓባይ ዳር ደረስን፤ ሙቀቱ ከውሃው ላይ እንደ እንፋሎት ይነሣ ነበር። መሐንዲሱ ልኬቱን እንኳ አልጀመረም። ትንሹን ሞተር በጀልባው ኋላ አሰረ፤ ሻምበሉ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከፊት ተቀመጠ፤ እኔና አሻጋሪው ከመካከል ሆንን።

«ለጾም የሚሆን ዓሣ እንይዛለን በላቸው» አለኝ መሐንዲሱ እየሣቀ። ነገርኋቸው።

«ጾም ነው አይደለም የሚለውን ሊቃውንቱ ይጨርሱት፤» አሉ አሻጋሪው። «እኔ የምፈራው አጥንቱን ነው።»

ከመሻገሪያው ጀምረን ወደ ታች ሄድን። ጀልባው ልክ እንደ ታሰበው ሆነ። ጣውላው ቀጥ አድርጎ ያዘው፤ ነፋሱ አልገፋውም። ከላይ በኩል በዓለት መካከል የሚወድቀው ውሃ ስለሚጮኽ የሞተሩ ድምፅ ከጀልባው አልፎ የሚሄድ አይመስልም ነበር። ክሩ ከኋላችን ረዘመ። መጀመሪያ ዓሣ አልነካውም፤ «ትንሽ ወደ ታች፣» አለ መሐንዲሱ። ቀጥሎም «ትንሽ ደግሞ።» አሻጋሪው ወደ እኔ ዞር አሉ፤ እኔም ጥልቀቱ እንደሚያንስ፣ ጉማሬ እንደሚኖር፣ መመለስ እንደሚሻል ተናገርሁ። «ጥልቀት በሌለበትም ይሄዳል ብላችሁ የመረጣችሁት እናንተ አይደላችሁም?» አለኝ መሐንዲሱ።

በአንድ የወንዙ ጥምዝ ዞርን።

ከድንጋይ ላይ አንዲት ሴት እንስራዋን ከውሃው እያነሣች ነበር። ቀና ብላ አየችን። ጀልባው ወደ እርሷ በዚያ በለቅሶ ርምጃ ቀረበ። እሸሻለሁ አላለችም፤ እንስራዋን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቆመች። እህቴ ነበረች። ከበስተኋላዋ ከጫካው ሁለት ሴቶች ብቅ አሉ። ቀጥሎም አንድ ሽማግሌ ከተቀመጡበት ድንጋይ በበትራቸው ተደግፈው ተነሡ፤ ጋቢያቸውንም ከትከሻቸው ዝቅ አድርገው፣ ለእንግዳ እንደሚደረገው፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡን።

ሰውነቴ በሙሉ «ሩጡ!» ይል ነበር፤ አፌ ግን አልተከፈተም። በዚያው ቅጽበት ክሩ ተወጠረ። መሐንዲሱ እንደ ሕፃን እልል አለ፤ አምባዛው ውሃውን በጅራቱ መታው፤ ጀልባው ተናወጠ። ሻምበሉ ግን ወደ ዓሣው አልዞረም። ጣቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዳር ላይ የቆሙትን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይቆጥር ነበር።

«አልሸሹም፤» አለ ለራሱ እንደሚናገር። «ዓመት ሙሉ ያየሁት ጭሳቸውን ብቻ ነው። ዛሬ እጅ ነሡኝ።»

ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ በትሕትና ጠየቀኝ፦ «ይህን ሞተር የመረጥኸው አንተ ነህ አሉ፤ እውነት ነው?»

ያን ጊዜ የገባኝ ነገር ይህ ነው። በአገራችን እንግዳ ሮጦ አይመጣም። ከሩቅ ይታያል፤ ቀስ ይላል፤ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ከአጥር ውጭ ይቆማል። ጠላት ካመጣብን ነገር ደግሞ ቀስ የሚል አንድም አልነበረም፤ አውሮፕላኑም፣ ካሚዮኑም፣ ፈረሰኛውም እየጮኸና እየፈጠነ ነው የመጣው። ስለዚህ ሕዝባችን ፍጥነትን ፈርቶ ዝግታን አመነ። እኔም፣ ከመጻሕፍቴ ሁሉ ጋር፣ አሻጋሪውም፣ ከዕድሜያቸው ሁሉ ጋር፣ የምናስበው እንደዚያው ነበር። ለጠላት የወዳጅ አካሄድ መርጠን ሰጠነው።

ወደ መሻገሪያው ስንመለስ ሻምበሉ ትእዛዙን ሰጠ። በማግስቱ ጠዋት ጀልባው ከፊቱ መትረየስ ይተከልበታል፤ ሞተሩ ያው ትንሹ፣ አካሄዱ ያው ዝግታው ይሆናል። «አንተም በመካከል ትቀመጣለህ፤» አለኝ፣ «እንደ ዛሬው እንዲያዩህ።» መሐንዲሱ የዓሣውን ሆድ እየቀደደ ነበር። ቢላዋው ቆመ፤ ግን ቀና አላለም።

ሰፈሩ በአስካሪዎች ታጠረ፤ የአሻጋሪው ታንኳም ወደ ዳር ተስባ ታሰረች። ወደ ታች ቃል የሚያደርስ ሰው አልነበረም። ጀምበር ገና ሳትጠልቅ ከአሻጋሪው ጋር በአንድ የሾላ ዛፍ ሥር ተቀመጥን።

«ሞተሩን ብሰብረውስ?» አልሁ።

«ሰባራ አይጮኽም፤ በመቅዘፊያ ይሄዳሉ። በመቅዘፊያ የሚሄድ ደግሞ እኔን ነው የሚመስል። እኔን ማን ይፈራኛል?»

እውነታቸውን ነበር፤ ጸጥታው ዝግታውን ይበልጥ እንዲታመን ያደርገዋል። የሚያስፈልገን ጩኸት ነበር፤ ጩኸቱንም ሸካሞቹ ተሸክመውት ወርደዋል።

«እንግዲያስ ትልቁ ይጩኽ» አልሁ።

«በምን ምክንያት ያነሡታል?»

«ውሃው ከሞላ ትንሹ አይችልም።»

አሻጋሪው ወደ ውሃው ዳር፣ ወደ ችካላቸው አዩ። በዓባይ መሻገሪያ የሚሠራ ሰው ሁሉ ማታ ማታ አንድ ችካል በውሃው ጠርዝ ላይ ይተክላል፤ ችካሉም ላይ በቢላዋ የተበጀ ምልክት አለ። ጠዋት ውሃው ምልክቱን ሸፍኖ ከተገኘ ደጋ ላይ ዘንቧል ማለት ነው፤ በዚያ ቀን ማንም አይሻገርም። በችካል የሚከራከር የለም። ቄስም ይጠብቃል፣ ሙሽራም ከነአጃቢዋ ታድራለች። የእኚህ ሽማግሌ አባት የተከሉበት ቦታ ነው፤ እርሳቸውም ከልጅነታቸው ጀምረው በዚያ ችካል ሰውን ከሞት ጠብቀውበታል።

«በእሱስ ዋሽቼ አላውቅም» አሉ በመጨረሻ።

እኔም በትርጉሜ ዋሽቼ አላውቅም ነበር። ጠላትን ሳገለግል ለኅሊናዬ የቀረኝ አንድ ነገር ቃልን ከቃል ሳላጓድል ማስተካከሌ ነበር። ይህን ለእርሳቸው አልነገርኋቸውም።

ጎሕ ሲቀድ አሻጋሪው ተነሡ። ለጠባቂው አስካሪ «ፊቴን ልታጠብ» ብለው ወደ ውሃው ወረዱ፤ ከችካሉ አጠገብም ጎንበስ ብለው ቆዩ፤ ሲመለሱም እጃቸው እስከ ክርናቸው ርሶ ነበር። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ከወትሮው የረዘመ ጸሎት ጸለዩ።

ሻምበሉ መትረየሱን አስተክሎ ሲጨርስ ቀርበው ተናገሩ፤ እኔም ተረጎምሁ። ደጋ ላይ ዘንቧል፤ ውሃው ሞልቷል፤ ችካሉን ይመልከቱ፤ በዚህ ውሃ ትንሹ ሞተር ቢወርድ አይመለስም። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ በዚህ እስከ ዛሬ እደነቃለሁ። ሻምበሉ ወርዶ ችካሉን አየ። ውሃው ምልክቱን በአራት ጣት ያህል ሸፍኖታል። ወንዙ ግን እንደ ትናንቱ ጥርት ብሎ የታችኛው ጠጠር ይታይ ነበር፤ ደጋ የዘነበበት ዓባይ ደግሞ እንደ ጠላ አተላ እንደሚደፈርስ ሕፃንም ያውቃል። ሻምበሉ የዚህ አገር ልጅ አልነበረም። መሐንዲሱን ጠራው።

ያን ጊዜ ሁለታችንም እንደ ሞትን አወቅሁ። መሐንዲሱ የራሱ መለኪያ ነበረው፤ በቀይና በነጭ ቀለም የተከፋፈለ ዘንግ በቀደመው ማታ ከችካሉ አጠገብ ተክሏል። እርሱ በቍጥር የማይቀልድ ሰው ነው። ወርዶ በዘንጉ ፊት ተንበረከከ። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ ጠራው ውሃ፣ ከዚያም ወደ አሻጋሪው እርጥብ ክንድ አየ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው።

«አራት ጣት ጨምሯል፤» አለ። «ትንሹ አይችልም።»

ትልቁን ሞተር ሲያስሩ ብሎኖቹን እኔ ነበርሁ የማቀብለው። መሐንዲሱ ቀና ሳይል፣ እንደ ሥራ ትእዛዝ በሚመስል ድምፅ፣ «በዚህ ፍጥነት አንድም ዓሣ አይያዝም» አለኝ።

ሞተሩ ሲነሣ ገደሉ ከዳር እስከ ዳር መለሰለት። ዝንጀሮዎች ከዓለቱ ላይ እየጮኹ ወጡ፤ ወፍ ሁሉ ከዛፉ ተነሣ። ሻምበሉ «ቀስ! ቀስ!» እያለ በእጁ ቢያሳይም፣ ዝግ ሲያደርጉት እንደ በርሜሉ ጊዜ ያስልና ይቆማል፤ እንደገና ሲያስነሡት ደግሞ ከፊተኛው የባሰ ይጮኻል። በጥምዙ ስንዞር ዳሩ ባዶ ነበር። እንስራዋ በድንጋዩ ላይ ቆማለች፤ ከአፏ የፈሰሰው ውሃ ገና አልደረቀም። ሻምበሉ የመትረየሱን ጥይት እስኪጨርስ ወደ ጫካው አስተኮሰ፤ ቅጠል እንደ ዝናብ ወረደ። ከዚያ ዝም ሆነ። ማንም አልጮኸም፤ ስለዚህ ማንም አልተመታም አልሁ።

ወደ ቡሬ ስንመለስ መሐንዲሱና እኔ ስለዚያ ጠዋት አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ጀልባው በመጋዘን ጥግ ተገለበጠ። ክሩን ግን በጥንቃቄ ጠቅልሎ በሣጥኑ ሲከት አይቼዋለሁ፤ ዳግመኛ ሲያወጣው አላየሁም።

ጠላት ከወጣ በኋላ በመጀመሪያው የአውድማ ወራት እህቴን ልጠይቅ ሄድሁ። ከፍኖተ ሰላም የጥቂት ሰዓት መንገድ ወደሆነው መሬቷ ተመልሳ አዲስ ጎጆ ቀልሳለች። እንደ ሥርዓቱ በዝግታ፣ ጋቢዬን አጣፍቼ፣ በደረቀው ጤፍ መካከል ወደ አውድማው ቀረብሁ። ጀርባዋን ሰጥታ ታዘራ ነበር። ርምጃዬን ሰማች። ዞር አላለችም፤ መንሿን ጥላ ሮጠች።

«እታለም! እኔ ነኝ!» ብዬ ጮኽሁ።

ከግራሩ ሥር ስትደርስ ቆመች። ደረቷን ይዛ ረዥም ጊዜ ካየችኝ በኋላ እየሣቀችም እያለቀሰችም ተመለሰች። «ወንድምዓለም! ምነው እንዲህ እንደ ጅብ እያደባህ ትመጣለህ?»

ተሳሳምን። የማሽላ ቂጣና እርጎ አቀረበችልኝ፤ በልቼ ስጨርስ ለሁለት ዓመት የያዝሁትን ጥያቄ ጠየቅሁ። «የመጀመሪያው ቀን ለምን አልሮጥሽም?»

«ቀስ ብሎ የሚመጣን ማን ይሸሻል? እንግዳ ናችሁ ብለን ነዋ የተነሣንላችሁ። ቀረብ ስትሉማ አንተን አየሁ፤ ጭራሽ ደስ አለኝ።»

«በማግስቱስ?»

«በማግስቱማ ሰማዩ የወረደ መሰለን። እኔማ እንስራዬን እንኳ አላነሣሁ።»

«ጋቢያቸውን ዝቅ አድርገው እጅ የነሡን ሽማግሌስ? ደኅና ናቸው?»

መንሿን አነሣች። ነፋሱ መጥቶ ነበርና አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አዘራች፤ እብቁ በመካከላችን አለፈ።

«እሳቸው መሮጥ አይችሉም ነበር፤» አለች። «'እናንተ ሩጡ፣ እኔ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ' አሉን። ጠበቅናቸው።» እንደገና አዘራች። «ስንመለስ በጫካው ውስጥ አገኘናቸው። ጥይቱ ከጀርባቸው ነበር የገባው። ድምፅ አላሰሙም፤ እኛን እንዳያሳዩብን ይሆናል።»

ትልቁን ሞተር የመረጥሁም እኔ ነኝ።

ስሄድ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። እጄን ይዛ፣ ልጅ ሆኜ መንገድ ስትልከኝ እንደምታደርገው፣ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ሌላ ጊዜ ስትመጣ፣» አለችኝ፣ «ከማዶ ጀምረህ ጩኽ።»